የአሮጌ መኪና ሞተር ሲቀየር፦ ገዢ ከሞተሩ በፊት ሊብሬውን ያነባል

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜ በጠገቡ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በሀዋሳ ጎዳናዎች የምናያቸው ቮልስ፣ ዲኤክስ ኮሮላና አሮጌ ላንድክሩዘር እንደ ጥሪት ቢቆጠሩ አይገርምም። ታዲያ ሞተሩ ሲደክም፣ ነገ ሊሸጥ ለታሰበ መኪና የትኛው ሞተር ይሻላል? መልሱ በአጭሩ፣ ከመኪናው ዘር ያልወጣና ሊብሬው ላይ ያለ ጭቅጭቅ ሊመዘገብ የሚችለው ነው።

ማደስ ይቅደም

የሞተር ቁጥር የሚቀረጸው በሞተሩ አካል ላይ ነው። ስለዚህ አካሉ ደህና ከሆነ አስወርዶ ማደስ ቁጥሩን አይነካም፤ ሊብሬውም እንዳለ ይቆያል። በቮልስ ቁጥሩ የሚገኘው ከዲናሞው ሥር ነው። የቮልስ ምርት በሜክሲኮ በ1995 ዓ.ም. አብቅቷል። በእኛም አገር ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለውን መኪና የሚሻ ገዢ የፋብሪካውን ሞተር ይመርጣል። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፦ የ1285 ሲሲውን ሞተር ወደ 1584 ያሳደገ ሰው ቁጥሩ ባይለወጥም ሊብሬው ላይ የተጻፈው ሲሲ ተለውጧልና ማሳወቅ አለበት።

ከዘሩ ያለ ሞተር

ማደስ ካልተቻለ ሁለተኛው ምርጫ ይህ ነው። 4ኬ ሞተር (1290 ሲሲ) ላለው ዲኤክስ፣ 5ኬ (1486 ሲሲ) የዚያው ቤተሰብ ልጅ ስለሆነ ብዙ ብየዳና ቅጥል ሳይጠይቅ ይገጥማል። መካኒኩም ያውቀዋል። ገዢም አይፈራውም።

ከዘሩ የወጣ ሞተር

ባለኢንጀክሽን ሞተር በዲኤክስ ላይ መግጠም መያዣውን፣ ካምቢዮውንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ሁሉ ይነካል። ለሚነዳው ሰው ደስታ ሊሆን ይችላል፤ ለሚሸጠው ግን ያወጣው ገንዘብ አይመለስም። በላንድክሩዘር 40 ጉዳዩ ይለያል። ባለ 4.2 ሊትሩ 2ኤፍ ቤንዚን ሞተር ነዳጅ ይበላል። ፋብሪካው ራሱ በዚሁ ትውልድ መኪና ላይ 2ኤች የተባለ ባለ 6 ሲሊንደር ናፍታ ሞተር ገጥሞ ስለነበር፣ ይህን መምረጥ ከዘር መውጣት አይባልም። ሆኖም በሊብሬው ላይ የነዳጁ ዓይነት ይለወጣል፤ ባትሪው 12 ወይስ 24 ቮልት እንደሚሆንም አስቀድሞ ይጣራ።

ከፍታውን አይርሱ

ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ሀዋሳ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ 2400 አካባቢ። ገዢው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ከሆነ፣ በሐይቁ ዳር የበቃ ሞተር እንጦጦ ላይ ሊያነክስ እንደሚችል ሊታሰብ ይገባል። ካርቡራተሩም ለከፍታው ካልተስተካከለ ያጨሳል፤ ጭስ ያየ ገዢ ደግሞ ዋጋ ይሰብራል።

ሕጉና ወረቀቱ

የተሽከርካሪ ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ይገዛል። የሞተርና የሻንሲ ቁጥር የመኪናው መታወቂያ በመሆናቸው ለውጡ ለመዝጋቢው አካል ተነግሮ በሊብሬው ላይ መስፈር አለበት። ለዚህም የሚከተሉት ይያዙ፦

1. የሞተሩ ሕጋዊ የግዢ ደረሰኝ፤ ከውጭ የገባ ከሆነም የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ።
2. ሞተሩን የገጠመው ጋራዥ የሰጠው ጽሑፍ።
3. ለመድን ድርጅቱ ለውጡ የተገለጸበት ደብዳቤ።

ሀዋሳ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። ታርጋው በቀድሞው ደቡብ ክልል የወጣ ከሆነ ፋይሉ የት እንደሚገኝ ከገዢ ጋር ከመነጋገር በፊት ይጣራ። ደረሰኝ የሌለውን ሞተር ግን፣ የቱንም ያህል ቢረክስ፣ አይግዙት፤ ምንጩን ማስረዳት ለማይችል ሰው ዕዳው ከሞተሩ ይከብዳል።

ለውጡን ደብቆ መሸጥም አያዋጣም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል። ስለዚህ የተለወጠው ሞተር ዓይነት፣ ቁጥርና ሲሲ በሽያጭ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። የወረደው ሞተር ዳግም የሚታደስ ከሆነም ለብረት ገዢ አይሰጥ። ከመኪናው ጋር አብሮ ሲቀርብ የመኪናውን ዋጋ ይደግፋል።