የሃርድዌር ኢንተረፕት በማይክሮኮንትሮለር

የሃርድዌር ኢንተረፕት ሰዓት ቆጣሪ፣ የመልእክት መቀበያ ወይም ሌላ መሣሪያ ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ ለአፍታ አቁሞ እንዲያስተናግደው የሚያሰማው ጥሪ ነው። ጥሪውን ተቀብሎ የሚሠራው የፕሮግራሙ ክፍል አስተናጋጅ ይባላል። ይህ ስልት ባይኖር ፕሮግራሙ፣ እንግዳ ይመጣል ብሎ በሩን ደጋግሞ እየከፈተ እንደሚያይ ሰው፣ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ሲዞር ይውላል። ለአንዲት ቁልፍ ይህም አይከፋም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ይሻላል። በሴኮንድ 115,200 ቢት በሚያልፍበት መስመር ላይ ግን በየ87 ማይክሮሴኮንዱ ገደማ አዲስ ባይት ይደርሳል፤ ዞረው እስኪመጡለትም አይጠብቅም።

ሐሳቡ ከማይክሮኮንትሮለር በፊት የነበረ ነው። ኔዘርላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ኤክስ1 የተባለው ኮምፒውተር ከተያያዙት መሣሪያዎች ጋር በኢንተረፕት ስለሚገናኝበት ፕሮግራም ነበር። ዳይክስትራን ያስፈራው የኢንተረፕቱ ውስብስብነት ብቻ አልነበረም። ጥሪው በየትኛው ትእዛዝ መካከል እንደሚገባ ስለማይታወቅ፣ አንዴ የታየ ስሕተት ዳግም ላይታይ ይችላል።

በአርዱዊኖ ኡኖ ሰሌዳ ላይ ያለውን ኤትሜጋ328ፒ የተባለ ማይክሮኮንትሮለር እንመልከት። መሣሪያው ጥሪ እንዳለው የሚያመለክተውን ቢት፣ ማለትም ፍላጉን፣ ያነሣል። የመሣሪያው የራሱ መፍቀጃ ቢትና የፕሮሰሰሩ አጠቃላይ መፍቀጃ ቢት ሁለቱም ክፍት ከሆኑ፣ ፕሮሰሰሩ የጀመረውን ትእዛዝ ይጨርስና የመመለሻ አድራሻውን ስታክ ላይ ያስቀምጣል፤ አጠቃላይ መፍቀጃውን ዘግቶም 26 መግቢያዎች ካሉት የቬክተር ሠንጠረዥ ወደሚመለከተው ይዘላል። ይህ ቢያንስ 4 የሰዓት ምት ይፈጃል፤ በ16 ሜጋኸርዝ ሲሰላ 250 ናኖሴኮንድ ነው። ሁለት ጥሪ አብሮ ከመጣ በሠንጠረዡ ቀድሞ የተጻፈው ይቀድማል። ሬጂስተሮቹን የማስቀመጡ ሥራ የኮምፓይለሩ ነው፤ በአሴምብሊ የሚጽፍ ሰው ራሱ ያስቀምጣቸዋል። ኮርቴክስ-ኤም3 በተባለው ፕሮሰሰር ግን ሃርድዌሩ 8 ሬጂስተሮችን በራሱ ያስቀምጣል፣ እያንዳንዱ ጥሪም የቅድሚያ ደረጃ አለው። እዚያ ትንሹ ቁጥር ትልቁን ቅድሚያ ማመልከቱ ጀማሪን ሁሉ ሳያደናግር አያልፍም።

ፍላጉን ማውረድ መርሳት የተለመደ ጥፋት ነው። በኤትሜጋው የመልእክት መቀበያ ፍላጉ የሚወርደው የመጣው ባይት ሲነበብ ነው። አስተናጋጁ ሳያነብ ከተመለሰ ወዲያው ደግሞ ይጠራል፤ በሁለቱ ጥሪዎች መካከል ዋናው ፕሮግራም የሚያገኘው የአንድ ትእዛዝ ዕድል ብቻ ነው። ሰሌዳው የሞተ ይመስላል እንጂ ሥራ በዝቶበታል። ሌሎች ፍላጎች ደግሞ የሚወርዱት 1 ሲጻፍባቸው ነው። ስለዚህ ሬጂስተሩን በሙሉ አንብቦ፣ አንድ ቢት ጨምሮ መልሶ የሚጽፍ ሰው ሌሎቹንም ተነሥተው የነበሩ ፍላጎች ሳያስበው ያወርዳቸዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ጥፋት ግን አብዛኛውን ጊዜ አስተናጋጁ ውስጥ አይደለም፤ ከአስተናጋጁ ጋር አንድ ተለዋዋጭ በሚጋራው ዋና ፕሮግራም ውስጥ ነው። ኤትሜጋው ባለ8 ቢት ስለሆነ ባለ16 ቢት ቆጣሪን የሚያነበው በሁለት ጊዜ ነው። ቆጣሪው 255 ላይ ነው እንበል። ዋናው ፕሮግራም የታችኛውን ባይት 255 ብሎ አነበበ። በዚህች ቅጽበት ኢንተረፕት ገብቶ ቆጣሪውን 256 አደረገው። ዋናው ፕሮግራም ተመልሶ የላይኛውን ባይት ሲያነብ 1 ያገኛል፤ ሁለቱን ሲያጋጥም 511 ይሆናል። ይህ ቁጥር በቆጣሪው ውስጥ አልነበረም። በሲ ቋንቋ ተለዋዋጩን ቮላታይል ብሎ ማወጅ ኮምፓይለሩ ከማህደረ ትውስታ ደጋግሞ እንዲያነብ ያስገድደዋል እንጂ ከዚህ አያድንም። መፍትሔው አጠቃላይ መፍቀጃ ቢቱ ያለበትን የሁኔታ ሬጂስተር ማስቀመጥ፣ ኢንተረፕትን መዝጋት፣ ቆጣሪውን መቅዳት፣ ከዚያ የተቀመጠውን መመለስ ነው። ሲጨርሱ ዝም ብሎ ኢንተረፕትን መክፈት ግን ስሕተት ነው፤ የጠራን ክፍል ቀድሞውኑ ዘግቶት ሊሆን ይችላል።

መዝጋቱም ወሰን አለው። የኤትሜጋው መቀበያ 2 ባይት ይይዛል፣ ሦስተኛው በማሸጋሸጊያ ሬጂስተሩ ውስጥ ይጠብቃል፤ የአራተኛው መነሻ ቢት ሲደርስ ያልተነበበ ባይት ይጠፋል። አስተናጋጁ አጭር ይሁን የሚባለው ለዚህ ነው፦ ባይቱን ወደ ክብ ቋት አስገብቶ መመለስ፣ ትርጓሜውን ለዋናው ፕሮግራም መተው።

ስሕተት ለማደን አስተናጋጁ ውስጥ ጽሑፍ ማተም ጊዜውን ስለሚያዛባ የሚታደነውን ስሕተት ራሱን ይሰውረዋል። በዚያው 115,200 መስመር 10 ፊደል ልኮ መጨረስ 870 ማይክሮሴኮንድ ገደማ ይወስዳል። ልምድ ያላቸው ሰዎች አስተናጋጁ ሲጀምር አንድ ትርፍ ፒን ያነሣሉ፣ ሲጨርስ ያወርዳሉ፣ ሞገዱንም በኦሲሎስኮፕ ያያሉ፤ ፒኑን ማንሣት 2 ምት፣ ማለትም 125 ናኖሴኮንድ ይበቃዋል።