ሕክምናው ከሆስፒታል በር በፊት ይጀምራል
(የሥራ አካባቢና የመካንነት ሕክምና አጭር ታሪክ)

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላና በቡሌ ሆራ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና በያቤሎ አጠገብ ያልፋል። በዚህ መንገድ ጭነት የሚያመላልሱ ሾፌሮች ቀኑን ሙሉ በሞቀ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው ይውላሉ። በመንገዱ ዳር በሚገኙ ጋራዦችም በያጆችና መካኒኮች ጢስና የነዳጅ ሽታ ሲተነፍሱ ይውላሉ። ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ ካገባ በኋላ ልጅ ሳያገኝ ዓመታት ቢያልፉ፣ በአብዛኛው አስቀድማ የምትጠየቀው ሚስቱ ናት። ባልየው የት እንደሚውልና ምን እንደሚተነፍስ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጉዲፈቻ የተባለው ጥንታዊ ሥርዓት ልጅ ላጡ ባልና ሚስት የተከበረ መፍትሔ ሲሰጥ ኖሯል። የመካንነቱን ምክንያት መመርመር ግን የሳይንስ ድርሻ ነው።

ሳይንስም ቢሆን ጥያቄውን በጊዜው አንሥቶ በጊዜው ሥራ ላይ አላዋለውም። እ.ኤ.አ. በ1860 ኮንስታንታን ፖል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም፣ በእርሳስ ሥራ የተሰማሩ ሴቶች ፅንስ በብዛት እንደሚጨናገፍ፣ ራሳቸው እርሳስ የማይነኩ የሠራተኞች ሚስቶችም ከዚሁ ጉዳት እንዳላመለጡ ጽፎ ነበር። ይህ እየታወቀ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እርሳስ በቤንዚን ውስጥ መጨመር ጀመረ። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ተሰናብተው የጨረሱት እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ላይ ነው።

ከዚህ የባሰ ትምህርት የሚሰጠው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ላትሮፕ በተባለች ከተማ የታየው ነገር ነው። በዚያ በሚገኝ ፋብሪካ ዲ.ቢ.ሲ.ፒ. የተባለ፣ የተክል ሥር የሚያጠቁ ጥቃቅን ትሎችን የሚገድል መድኃኒት ይዘጋጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ሠራተኞቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ብዙዎቹ ልጅ መውለድ እንዳቆሙ ተገነዘቡ። ምርመራ ሲደረግላቸውም ከመካከላቸው ብዙዎቹ የዘር ፍሬያቸው እጅግ የተመናመነ ወይም ጨርሶ የጠፋ ሆኖ ተገኘ። እጅግ የሚያሳዝነው፣ መድኃኒቱ የአይጦችን ቆለጥ እንደሚያኮስስ የሚያሳይ የምርምር ውጤት አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ታትሞ የነበረ መሆኑ ነው። ስለዚህ ዕውቀቱ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ሳለ ከፋብሪካው ወለል ሳይደርስ አሥራ ስድስት ዓመት ቆየ። በአሜሪካ ክልከላው ከመጣ በኋላም መድኃኒቱ በማዕከላዊ አሜሪካ የሙዝ እርሻዎች ለጥቂት ጊዜ መረጨቱን ቀጠለ፤ ጉዳቱንም ድሆቹ ሠራተኞች ተሸከሙት።

በማግሥቱ ዓመት፣ ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ከማሕፀን ውጭ በተከናወነ ማዳቀል የተፀነሰችው የመጀመሪያዋ ሕፃን ሉዊዝ ብራውን በእንግሊዝ አገር ተወለደች። ለዚህ ሥራ ሮበርት ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ሕክምናው ሲስፋፋ ግን የአካባቢ ጉዳይ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ የመጣው በላቦራቶሪው በር ነው። ሽል ሳንባ፣ ጉበትና ቆዳ ስለሌለው ከአየሩ የሚገባበትን መርዝ የሚከላከልበት አንዳች አካል የለውም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ከቀለም፣ ከወለል ማጣበቂያ፣ ከአልኮልና ከመኪና ጢስ የሚነሡ ተን የሆኑ ኬሚካሎች ወደ ሽሉ ክፍል እንደሚገቡ አመለከተ። አቧራ የሚይዘው ማጣሪያ ጋዝ ስለማይይዝ ከሰልና ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ያለበት ማጣሪያ ማከልና የክፍሉን የአየር ግፊት ከውጭው ከፍ ማድረግ አስፈለገ። እንግዲህ የአየር ዝውውር መሐንዲሱ፣ ሳይታወቀው፣ የመካንነት ሐኪሙ ረዳት ሆነ ማለት ነው።

በአገራችን በመንግሥት ሆስፒታል ይህን ሕክምና መስጠት የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ከያቤሎ ወደዚያ ለመድረስ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ድካምና ወጪ ለከፈለ ቤተሰብ ደግሞ አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ። የወንድ ዘር ተመርቶ እስኪያበቃ 74 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ስለሆነም ከሕክምናው በፊት ያሉት ሦስት ወራት የሕክምናው አካል ናቸው። ቆለጥ ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ብሎ መኖር ስላለበት፣ ዘወትር በጋለ መቀመጫ ላይ መዋል ዘርን ሊያመነምን ይችላል። የምታጨስ ሴት ደግሞ ለመፅነስ ከማታጨሰው እጥፍ ያህል ሙከራ ሊያስፈልጋት እንደሚችል ጥናቶች ያሳያሉ። በሕዝብ መገናኛ ቦታ ማጨስን የከለከለው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በዚህ ረገድም ጠቃሚ ነው። ይህ ሲባል የመካንነት ምክንያት ሁሉ አካባቢ ነው ማለት አይደለም። የሴቷ ዕድሜ ከፍተኛ ሚና አለው፤ በአፍሪካም በኢንፌክሽን የሚዘጋ የማሕፀን ቱቦ ዋነኛ ምክንያት ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄው ከእኛ ደጅ ሩቅ አለመሆኑን በዚያው በደቡብ፣ በጉጂ ዞን የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን ታሪክ ያስረዳል። በአካባቢው ያሉ ሰዎች በሰውና በከብት ፅንስና ልጆች ላይ ጉዳት ደረሰ ብለው ተቃውሞ ካሰሙ በኋላ መንግሥት በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. ፈቃዱን አገደ። ማዕድኑ በ2013 ዓ.ም. ሥራውን እንዲቀጥል ተፈቅዶለታል። በዚያ የተነሣው ክርክር የፅንስ እንጂ የመካንነት ሕክምና አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ውኃው መቼና በማን ተመረመረ የሚለው ጥያቄ ለሁለቱም አንድ ነው።

እንግዲህ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ታሪክ የሐኪሞች ብቻ አድርገው እንዳይመለከቱት አሳስባለሁ። የብየዳ ጢስ የሚስብ መሳቢያ በጋራዡ ጣሪያ ላይ መትከል፣ የጄኔሬተር ጢስ መውጫን ከሆስፒታል መስኮት ማራቅ፣ አዲስ የተቀባ ላቦራቶሪ ሽታው ሳይለቅ እንዳይከፈት መከልከል፣ የጉድጓድ ውኃን በየጊዜው ማስመርመር፣ እነዚህ ሁሉ የእኛ ሥራዎች ናቸው። በላትሮፕ ዕውቀቱ አሥራ ስድስት ዓመት በወረቀት ላይ ተኝቷል። ያቤሎ ያለው በያጅ ያን ያህል እንዲጠብቅ ማድረግ አይገባንም።