ምላሱ የታሰረ ጨቅላ እና የእናቱ የጡት ጫፍ ሕመም

ከአፍ ወለል ተነስቶ ወደ ምላስ ሆድ የሚወጣ ስስ ክር በማንኛውም ሰው አፍ ውስጥ ይገኛል። በአንዳንድ ጨቅላዎች ላይ ይህ ክር ያጥራል፣ ይጠብቃል ወይም እስከ ምላስ ጫፍ ድረስ ይደርሳል፤ ምላስም እንደ ልብ መነሳት፣ መዘርጋትና ወደ ጎን መዞር ያቅተዋል። የምላስ መታሰር የሚባለው ይህ ነው። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ የምላሱ ጫፍ ከታችኛው ድድ ብዙም ሳይላቀቅ ሲቀር፣ ወይም ምላሱን ሊያወጣ ሲሞክር ጫፉ መሐሉ ላይ ተጎትቶ የልብ ቅርጽ ሲይዝ በዓይን ይታያል። ስንት ጨቅላዎች እንዲህ ሆነው እንደሚወለዱ የሚገልጹ ጥናቶች እንደየመለኪያቸው ይለያያሉ። ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ከ100 ሕፃናት ከ4 እስከ 10 የሚሆኑት የሚለው ግምት ነው። በወንዶች ላይ ይበዛል፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሲደጋገምም ይታያል።

ይህ ክር ለረጅም ዘመን ራሱን እንደቻለ ጅማት ሲቆጠር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኒው ዚላንድ ተመራማሪዎች መሪነት የታተሙ የአስከሬን ጥናቶች ግን የአፍን ወለል የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ምላስ ሲነሳ ተወጥሮ የሚሠራው እጥፋት መሆኑን አሳይተዋል። ለምላስ ስሜት የሚሰጡ የነርቭ ቅርንጫፎችም ከምላስ ሆድ ወለል ብዙም ሳይርቁ ያልፋሉ። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው በኋላ ስለ መቁረጥ ሲወሰን ነው፤ ጥልቀቱ ያልተመጠነ ቁርጥ ጉዳት የሚያደርሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

የታሰረ ምላስ ጡት መጥባትን የሚያውክበትን መንገድ ለመረዳት አጠባቡን ራሱን ማየት ያስፈልጋል። በደንብ የጎረሰ ሕፃን የሚጠባው ጫፉን ብቻ አይደለም። አፉን በሰፊው ከፍቶ በጫፉ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ክፍል ብዙውን ይጎርሳል፤ የጡቱ ጫፍም ወደ ኋላ ተስቦ ጠንካራው ላንቃ አልቆ ለስላሳው ወደሚጀምርበት አካባቢ ይደርሳል። ምላስ በታችኛው ድድ ላይ ተዘርግቶ ጡቱን ከሥር ይደግፋል። ከዚያ የምላስ መሐል ዝቅ ሲል በአፍ ውስጥ አየር የሌለበት ሳቢ ኃይል ይፈጠራል፤ ወተቱም በዚያ ቅጽበት ይፈሳል። በአልትራሳውንድ የተደረጉ ምርመራዎች ወተትን በዋናነት የሚያወጣው ይህ ሳቢ ኃይል እንጂ በድድ መጭመቅ አለመሆኑን አሳይተዋል። ምላሱ የታሰረ ጨቅላ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገር ይጎድለዋል። ምላሱ ድዱን ስለማይሸፍን የጡቱ ጫፍ ከድድ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። መነሳትና መውረድ ስለማይችልም የሚፈጥረው ሳቢ ኃይል ደካማና ቶሎ የሚላቀቅ ይሆናል። ሕፃኑ የጎደለውን በመንጋጋው ሊያካክስ ሲሞክር የጡቱን ጫፍ ያኝከዋል።

ምልክቶቹ በእናትና በልጅ ላይ በአንድነት ይታያሉ። ሕፃኑ ጡቱን ይይዛል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይፈልጋል። ሲጠባ ሳቢው ኃይል በተቋረጠ ቁጥር የምላስ ጠቅታ ይሰማል፤ ወተት በአፉ ዳር ይፈሳል። ከ40 ደቂቃ በላይ ጡት ላይ ቆይቶ ገና ሳይጠግብ ደክሞት ያንቀላፋል፤ ከአፍታ በኋላ ተርቦ ይነቃል። እናትየዋ ጡቷን ስታስለቅቀው የጡቱ ጫፍ ክብ ሆኖ መውጣት ሲገባው በአንድ ወገን ተጠፍጥፎ፣ እንደ አዲስ የከንፈር ቀለም ሰያፍ ሆኖ ይወጣል። አናቱ ላይ አግድም የነጣ መስመር ይታያል። ይህ መስመር ደም የተገታበት ቦታ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ስንጥቁ የሚጀምረውም እዚያው ላይ ነው።

ሕመምን በተመለከተ በአራስ ቤት የሚነገር አንድ ነገር በግልጽ መታረም አለበት። ጠያቂዎችና የቤተሰብ ሴቶች በርኅራኄ «ቻይው፣ ይለመዳል» ይላሉ። ምክሩ በከፊል እውነት አለው፤ በመጀመሪያው ሳምንት የጡት ጫፍ መቆጥቆጥ የብዙ እናቶች ልምድ ነው፣ በአብዛኛውም ሕፃኑ መጥባት በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ተሰምቶ ይበርዳል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ይጠፋል። ማጥባቱ እስኪያልቅ የሚዘልቅ፣ ቆዳን የሚሰነጥቅና የሚያደማ ሕመም ግን የሚለመድ አይደለም። የሚጠባበት ሰዓት ሲደርስ ትከሻዋን የምትሰበስብና ጥርሷን የምትነክስ እናት በጽናቷ ልትመሰገን ሳይሆን ልትመረመር ይገባታል። ሕመሙ ሲከብዳት ጡቱ የሚሰጥበት ጊዜ ይራራቃል፤ ጡት በወጉ ካልተጠባ ደግሞ ይጋታል፣ ቀጥሎም ወተቱ ይቀንሳል። ብዙ ቤት ጡጦ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው እንጂ እናትየዋ ማጥባት ጠልታ አይደለም።

የጡት ጫፍ ሕመም ሁሉ ከምላስ አይመጣም። ከሁሉም የሚበዛው ምክንያት ምላሱ ነጻ የሆነ ሕፃንም ቢሆን በትክክል አለመጉረሱ ነው። የተሰነጠቀ ጫፍ በባክቴሪያ ሲያዝ ቢጫ ቅርፊት ያበጃል፣ መዳኑም ይዘገያል። በሕፃኑ አፍ ውስጥ ሲጠረግ የማይለቅ ነጭ ነገር ከታየና የእናትየዋ ጫፍ እየነደደ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ፈንገስ ይጠረጠራል። ጫፉ ከጠባ በኋላ ነጥቶ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊነትና ቅላት የሚለወጥ ከሆነ፣ በቅዝቃዜም የሚብስ ከሆነ፣ የደም ሥሮች መኮማተር ነው፤ ይህ ጡቱን በማሞቅ ይሻላል። ጡት በአንድ ወገን ቀልቶና ጠጥሮ ትኩሳት ሲጨምር ደግሞ የጡት ብግነት ስለሆነ ሕክምና ይፈልጋል። መለየቱ አስፈላጊ የሆነው የሕፃኑ ክር ተቆርጦ ሕመሙ ባለበት የሚቀጥልባቸው እናቶች ስላሉ ነው።

ስለዚህ ምርመራው አፍን ከፍቶ በማየት ብቻ አያበቃም። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው የምላስ መታሰር መልክ ከሚታይባቸው ጨቅላዎች ጡት ለመጥባት የሚቸገሩት ከግማሽ ያንሳሉ። መታየት ያለበት ምላሱ የሚሠራው ሥራ ነው። በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ የተዘጋጀው አጭር መመዘኛ አራት ነገሮችን ይመለከታል፤ የምላስ ጫፍ ቅርጽ፣ ክሩ በታችኛው ድድ ላይ የተያያዘበት ቦታ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ምላሱ የሚነሳበት ከፍታ እና ወደ ውጭ የሚወጣበት ርቀት ናቸው። እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ይሰጣቸዋል፤ ድምሩ ከ8 ሲሆን 0 እስከ 3 ያገኘ ምላስ ሥራው በጣም እንደተቀነሰ ይቆጠራል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚመዝነው ግን ባለሙያው አንድ ሙሉ ማጥባት ቁጭ ብሎ ማየቱ ነው። የክብደት ክትትልም አብሮ ይሄዳል። ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተወሰነ ክብደት መቀነሱ የሚጠበቅ ነው፤ ከ10 በመቶ በላይ ሲቀንስ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ የተወለደበትን ክብደት ሳይመልስ ሲቀር ግን ወተቱ አልደረሰውም። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ቢያንስ ስድስት ጊዜ መሽናትና ቢጫ ሰገራ ማየት የመጥገብ ምልክቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ሕክምና አያያዝን ማስተካከል ነው፤ ብዙ ጊዜም ይህ ብቻውን ይበቃል። እናትየዋ ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ፣ ሕፃኑን ሆዱ ሆዷን እንዲነካ አስጠግታ ትይዘዋለች፤ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ላይ ይውላሉ። የጡቱ ጫፍ ከአፉ ትይዩ ሳይሆን ከአፍንጫው ትይዩ ይሁን። እጇ ከትከሻውና ከማጅራቱ ላይ ይዋል እንጂ ጭንቅላቱን ከኋላ አይግፋ፤ ሕፃኑ ጎርሶ ለመያዝ ራሱን በትንሹ ወደ ኋላ ማዘንበል አለበት። ጫፉ የላይኛውን ከንፈሩን ሲነካ አፉን እንደሚያዛጋ ሰው እስኪከፍት ይጠበቃል፤ ያን ጊዜ አገጩ ቀድሞ ጡቱን እንዲነካ በፍጥነት ይሳባል። በትክክል ሲጎርስ የታችኛው ከንፈር ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ አገጩ ጡቱ ውስጥ ይሰምጣል፣ ከጠቆረው ክፍል ከታች ይልቅ ከላይ የበለጠ ይታያል። ምላሱ ለታሰረ ጨቅላ ሁለት አያያዞች የተሻለ ዕድል ይሰጣሉ። አንደኛው እናትየዋ ወደ ኋላ ተንጋላ ሕፃኑ በደረቷ ላይ በሆዱ የሚተኛበት ነው፤ የሰውነቱ ክብደት ምላሱና መንጋጋው ወደ ፊት እንዲመጡ ይረዳል። ሌላው በብብቷ ሥር አድርጋ እግሮቹን ወደ ጀርባዋ በመላክ የምትይዝበት ነው፤ በዚህ ጊዜ አፉን በቅርብ እያየች ጡቱን ጨበጥ አድርጋ በጥልቀት ማጉረስ ትችላለች። ሕመሙ ካልበረደ ጡቱን መጎተት አይገባም፤ ንጹሕ ትንሽ ጣት በአፉ ጥግ በድድ መካከል ገብታ ሳቢውን ኃይል ስትሰብር ይለቃል፣ ከዚያ እንደገና ይሞከራል።

ቁስሉ እስኪድን የሚደረገው እንክብካቤ ቀላል ነው። ከማጥባት በኋላ ጥቂት የራስን ወተት ቀብቶ በአየር ማድረቅ ይመከራል። እ.ኤ.አ. በ2014 የሕክምና ጥናቶችን በሚገመግመው ኮክሬን በተባለ ድርጅት የታተመ ግምገማ ምንም አለመቀባት ወይም የራስን ወተት መቀባት ላኖሊን የተባለውን ቅባት ከመቀባት ቢያንስ የማይተናነስ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። ጫፉን በሳሙና ማጠብ ያደርቀዋል። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በታዘዘው መጠን ለምታጠባ እናት ተስማሚ ናቸው። ከበድ ያለ ሕመም ካለ መጀመሪያ ባልቆሰለው ጡት ማጥባት፣ ያም ካልተቻለ የቆሰለውን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን እያሳረፉ ወተቱን በእጅ አልቦ በንጹሕ ሲኒ ወይም በማንኪያ መስጠት ይቻላል። ማለቡ እንደ ጡት ማጥባቱ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ካልሆነ ጡቱ ምርቱን ይቀንሳል፤ ለልጁም ለእናቱም ያለው ትልቁ ሥጋት ይሄ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሕመሙና የክብደቱ ችግር ካልተወገደ፣ የምላሱ ሥራም በእውነት የተገደበ ከሆነ ክሩን መቁረጥ ይታሰባል። ሂደቱ አጭር ነው። ሕፃኑ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ አንድ ረዳት ጭንቅላቱን ይይዛል፣ ባለሙያው ምላሱን በጣት ወይም በመሣሪያ ወደ ላይ አንስቶ ስሱን ክር ጫፉ ባልሾለ ንጹሕ መቀስ ይቆርጣል። በጥቂት ሳምንት ዕድሜ ላሉ ጨቅላዎች አጠቃላይ ማደንዘዣ አያስፈልግም። ጥቂት ጠብታ ደም ይታያል፤ ሕፃኑም ወዲያው ጡት ይሰጠዋል፣ መጥባቱ ደሙንም ለቅሶውንም ያቆማል። ቁስሉ ለጥቂት ቀናት ነጭ ወይም ቢጫማ መልክ ይይዛል፤ ይህ የመዳን ሂደት እንጂ መግል አይደለም። ከመቁረጥ በፊት ሁለት ጥያቄ መቅረብ አለበት፦ ጨቅላው በተወለደ ጊዜ ቫይታሚን ኬ ተሰጥቶታል ወይ? በቤተሰቡ የመድማት ችግር አለ ወይ? እምብዛም ባይከሰትም የማይቆም መድማት፣ ኢንፌክሽን፣ በምራቅ ቱቦ ላይ የሚደርስ ጉዳት እና ጡት መሸሽ ሊከተሉ ይችላሉ።

ማስረጃው የሚለው ጠንቃቃ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኮክሬን 302 ጨቅላዎችን ያካተቱ አምስት ጥናቶችን መርምሮ መቁረጥ የእናትን የጡት ጫፍ ሕመም በአጭር ጊዜ እንደሚቀንስ፣ በሕፃኑ አጠባብ ላይ ግን ወጥ የሆነ ጥቅም እንዳልታየ ደምድሟል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው የብሪታንያ ጥናት 169 ጨቅላዎችን ብቻ አሳትፎ ሳይጠናቀቅ ተቋርጧል፤ እንዳይቆረጡ ከተመደቡትም አብዛኞቹ በመሐል ስለተቆረጡ ቁርጥ ያለ መልስ ሳይሰጥ ቀርቷል። ወላጆች ይህን ሳይደበቅባቸው ማወቅ አለባቸው። መቁረጥ ለከፋ ሕመም የሚሰጠው እፎይታ እውነተኛ ነው፤ ልጁ በሚቀጥሉት ወራት ጡት መጥባቱን ግን ዋስትና አይሰጥም።

በሌላ በኩል ምርመራው ከልክ ያለፈባቸው አገሮች አሉ። በአሜሪካ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ምላሳቸው እንደታሰረ የተመዘገቡ ሕፃናት ቁጥር ከስምንት እጥፍ በላይ አድጓል። ከዚያ ወዲህ በሌዘር መቁረጥና የላይኛውን የከንፈር ክር አብሮ መቁረጥ ተስፋፍተዋል፤ እዚያ የሚኖሩ አበሻ እናቶችም ይህ አማራጭ ይቀርብላቸዋል። ሌዘር ከመቀስ እንደሚበልጥ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም። የላይኛው የከንፈር ክር በጨቅላዎች ላይ ጤናማ አካል ነው። ከቁርጡ በኋላ ቁስሉን በጣት ደጋግሞ መወጠርም ጥቅሙ አልተረጋገጠም፤ ጨቅላው አፉን መነካት እንዲጠላ ሊያደርገው ይችላል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የራሱ መልክ አለው። ልጅ ጡት እምቢ ሲል እንጥሉ ወርዷል ተብሎ በምላጭ ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ሳይወጣ ከድድ መንቀል፣ ለአራስ ልጅ ቅቤ ማዋጥ ዛሬም ያልጠፉ ልማዶች ናቸው። እንጥል ማስቆረጥ ለከባድ መድማትና ለደም መመረዝ የሚዳርግ፣ ሕፃናትንም የገደለ ጎጂ ድርጊት ነው፤ ከምላስ ክር መቁረጥ ጋር አንዳችም የሚያገናኘው የለም። የምላስ መታሰር ወሬ ወደ መንደር ሲደርስ ምላጭ ይዞ ለሚዞረው ሰው አዲስ ሥራ እንዳይከፍት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና አዋላጆች ልዩነቱን በግልጽ ሊያስረዱ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። በሕመም ምክንያት ማጥባት የሚያቋርጡ እናቶችን በጊዜ መርዳት ይህን ቁጥር ከሚያሳድጉት መንገዶች አንዱ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን በወሊድ ማግስትና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማጥባት ተቀምጦ የሚያይ የሠለጠነ ሰው ነው።

ወላጆች በመጨረሻ የሚያነሱት ጥያቄ ስለ ንግግር ነው፤ ክሩ ካልተቆረጠ ልጁ ኮልታፋ ይሆናል የሚል ፍርሃት በብዙዎች ዘንድ አለ። ምላሳቸው የታሰረ ብዙ ልጆች በደንብ ይናገራሉ፤ አፍ መፍታትም አይዘገይባቸውም። ጡት በምቾት የሚጠባን ጨቅላ ለወደፊት ንግግሩ ተብሎ መቁረጥን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ የለም። አንዳንድ ድምፆችን ማውጣት ቢያስቸግረው ንግግር ሲጀምር በባለሙያ ታይቶ በዚያን ጊዜ ሊወሰን ይችላል።