የእንሽላሊት ራስ ምን ይነግረናል?

በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን፣ በሞያሌ አካባቢ በምትገኘው በኡራን፣ እንሽላሊት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ድንጋይ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ጉንዳንና ምስጥ ሲለቅም ተማሪው ሁሉ ያየዋል። ሆኖም «የራሱ ቅርጽ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሳይንስም ይህን በቅጡ እስኪመረምር ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል።

እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችንን የጎበኘው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል የሰበሰባቸውን እንስሳት ከ1835 ጀምሮ በመጽሐፍ አሳትሞ አስተዋወቀ። በ1882 ፈረንሳዊው ሌዎን ቫያን አንዱን እንሽላሊት በሩፔል ስም ሰየመው፤ ይኸው የሩፔል አጋማ በደቡብ ኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ ይገኛል። የዚያ ዘመን ሊቃውንት ዋና ተግባር ቅርፊት መቁጠር፣ አካል መለካትና ስም መስጠት ነበር። የሞተ እንሽላሊት ግን አይነክስም።

ከ1990ዎቹ ወዲህ እንደ አንቶኒ ሄረል ያሉ ተመራማሪዎች፣ ኃይልን የሚመዘግብ መሣሪያ እያስነከሱ የንክሻውን ብርታት ለኩ። ሰፊና ከፍ ያለ ራስ ለመንጋጋ ጡንቻ ብዙ ስፍራ ስለሚሰጥ ንክሻው ይበረታል። መቀስ ጠንካራውን ነገር የሚቆርጠው ከማጠፊያው አጠገብ እንደ ሆነ ሁሉ፣ አጭር መንጋጋም በኃይል ይነክሳል። በሌላ በኩል ከድንጋይ ስንጥቅ የሚሸሸግ እንሽላሊት ጠፍጣፋ ራስ ይጠቅመዋል። እንግዲህ ምግቡ አንድ ነገር፣ መሸሸጊያው ሌላ ነገር ይጠይቁታል ማለት ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የተገኘው በአድርያቲክ ባሕር ነው። በ1971 አምስት ጥንድ እንሽላሊቶች ከፖድ ኮፒሽቴ ደሴት ወደ ፖድ ምርቻሩ ተወሰዱ። በ2008 በታተመው ጥናት እንደ ተገለጸው፣ ከ36 ዓመት ገደማ በኋላ ዘሮቻቸው ከነፍሳት ይልቅ ቅጠላ ቅጠል አብዝተው ሲበሉ፣ ራሳቸውም ተልቆ፣ ንክሻቸውም በርትቶ ተገኘ። ለውጡ በዘር የሚተላለፍ መሆኑ ግን በዚያ ጥናት አልተረጋገጠም።

ከዚህ የምንረዳው ስም ማስጠናት ብቻውን ትምህርት አለመሆኑን ነው። ስለዚህ እኛ መምህራን ተማሪዎቻችን በእንሽላሊት ላይ ድንጋይ መወርወር ትተው፣ ሳይነኩት ከሩቅ እንዲመለከቱት እናድርግ። የት ይሸሸጋል? ምን ይበላል? ራሱ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ከፍ ያለ? እነዚህን ሦስቱን በደብተራቸው ቢመዘግቡ፣ ሩፔል ዘንድ ያልነበረውን ጥያቄ ዛሬ በኡራን ሜዳ ላይ ሊጠይቁ ይችላሉ።