በሕፃናት ላይ ስለሚደርሰው የማይለቅ ሐሳብ ደዌና ስለ ሕክምናው ታሪክ

ውኃ በፈረቃ በሚታደልባት በአዲስ አበባ፣ በደቡቡ ጫፍ በለቡ መብራት ኃይል፣ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ እጁን ይታጠባል እንበል። የበርሜሉ ውኃ ይጎድላል፤ እናቲቱ ትቈጣለች፤ ልጁ ሲያለቅስ ደግሞ ራርታ ራሷ ታስታጥበዋለች። ከቍጣውና ከርኅራኄው የትኛው ልጁን ይጠቅመዋል? የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ መልሱ ከሕክምናው ታሪክ እንደሚገኝ ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ደዌው በሐኪሞች ዘንድ ኦብሴሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር ይባላል። ሁለት ገጽ አለው፤ አንደኛው ልጁ ሳይወድ እየተመላለሰ የሚያስጨንቀው ሐሳብ ነው፤ ሁለተኛው ጭንቀቱን ለማብረድ ግድ ሆኖበት የሚደጋግመው ድርጊት፣ ይኸውም መታጠብ፣ መቍጠር፣ የበሩን መዘጋት መላልሶ ማየት ነው። ድርጊቱ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ዳሩ ግን ያው ዕረፍት ልማዱን ያጸናዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የአገራችን ሙስሊሞች ወስዋስ የሚሉት ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በ934 የሞተው ሊቅ አቡ ዘይድ አል በልኺም ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ ለዚህ ዓይነቱ ሐሳብ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል። በአውሮፓ ፈረንሳዊው ኤስኪሮል በ1838 ደዌውን ገለጠው፤ ፍሮይድም በ1909 የአንድ በሽተኛውን ታሪክ በሰፊው ጻፈ። የሐሳቡን ምንጭ በንግግር መፈለግ ግን ድርጊቱን ለማስተው ብዙም አልረዳም። መንገዱን የለወጠው ቪክቶር ማየር ነው፤ በ1966 ባወጣው ጽሑፍ፣ በለንደን ሚድልሴክስ ሆስፒታል ሁለት ሕሙማን የሚፈሩትን ነገር ቀርበው እንዲነኩ፣ የለመዱትን ድርጊት ግን እንዳይፈጽሙ በማድረግ እንደ ረዳቸው አስረዳ። በዚያው ዘመን ክሎሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት ለዚሁ ደዌ መዋል ጀመረ።

ሁለቱ መንገዶች በልጆች ላይ በጥንቃቄ የተነጻጸሩት ዘግይቶ ነው። በ2004 በአሜሪካ በወጣው ጥናት፣ ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 112 ልጆች ለ12 ሳምንት ታከሙ። ሕመሙ ከሞላ ጎደል የለቀቃቸው፣ መድኃኒቱ ሰርትራሊንና የልምምድ ሕክምናው በአንድነት ከተሰጧቸው 53.6 በመቶ፣ ልምምዱ ብቻ ከተሰጣቸው 39.3፣ መድኃኒቱ ብቻ ከተሰጣቸው 21.4፣ ፍሬ ነገር የሌለበት ክኒን ከወሰዱት 3.6 በመቶ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በስሌት ሲመዘን አስተማማኝ አልነበረም። እንግዲህ ከባዱን ሸክም የሚያነሣው ልምምዱ ነው ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ሁለቱ ተጣምረውም ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡትን እንጂ ሁሉን እንዳላዳኑ መዘንጋት አይገባም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ትምህርት በ1987፣ የልዩ ሐኪሞች ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ተጀመረ። ባለሙያ በሚያንስበት አገር ክኒን ማዘዝ ይቀላል፤ ልጅን በየሳምንቱ ማለማመድ ይከብዳል። ስለዚህም የሚቀለው ከሚበልጠው እንዳይቀድም ያሰጋል።

ብዙ ቤተ ሰብ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጠበል ወይም ወደ ሼኹ ነው፤ ይህም በንቀት የሚታለፍ አይደለም። የሃይማኖት ሥርዐት ወሰን አለውና፤ በውዱእ እጅ የሚታጠበው እስከ ሦስት ጊዜ ነው። ደዌው ግን ወሰን አያውቅም። የንስሐ አባት ወይም ሼኽ ይህን ወሰን ለልጁ ቢነግሩት የሐኪሙን ሥራ ያግዛሉ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ማረጋገጫው ከተደጋገመ እርሱም የደዌው አካል ይሆናልና።

የለቡዋ እናት መልስ ይህ ነው። ቍጣው ልጁን ያስፈራዋል፤ ማስታጠቡም ደዌውን ይቀልበዋል። የሚጠቅመው፣ በባለሙያ ምክር ከቀላሉ ጀምሮ፣ ልጁ ሳይታጠብ ጭንቀቱ እስኪበርድ ድረስ አብራው መቀመጧ ነው።