ዶክተር ፀሐይነሽ መሰለ እና የኢትዮጵያውያን የበሽታ መከላከል አቅም ምርምር

ዶክተር ፀሐይነሽ መሰለ በሰውነት የበሽታ መከላከል አቅም ላይ ባካሄዱት ምርምር የሚታወቁ ኢትዮጵያዊት ሳይንቲስት ናቸው። ምርምራቸውን ያከናወኑት በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በተለምዶ «ፓስተር» በሚባለው ስፍራ በሚገኘው የቀድሞው የኢትዮጵያ የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተብሏል።

እ.ኤ.አ. በ1994 በተጀመረው የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያውያን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማጥናት፣ አስቀድሞ የጤናማ ሰው የደም ሕዋስ መጠን መታወቅ ነበረበት። ይሠራበት የነበረው መለኪያ ግን በሌሎች አገሮች ሕዝቦች ላይ በተደረገ ጥናት የተዘጋጀ ነበር።

ዶክተር ፀሐይነሽ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ጤናማ ኢትዮጵያውያን ጎልማሶች ከኔዘርላንድስ አቻዎቻቸው ጋር ሲነፃፀሩ ገና ከተሕዋስያን ጋር ያልተገናኙ የመከላከያ ሕዋሶቻቸው አነስተኛ፣ የነቁት ደግሞ ከፍተኛ መሆናቸው ተረጋግጧል። እንዲህ ያሉ «አዲስ» ሕዋሳት በዕድሜ መግፋት የሚቀንሱ ናቸው። ለልዩነቱ በአካባቢ የሚገኙ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽኖች እንደ ምክንያት ተጠቁመዋል። በዚያው ዓመት በአስቴር ፀጋዬ መሪነት የወጣው የፕሮጀክቱ ሌላ ጥናትም 485 ጤናማ ሠራተኞችን በማካተት ለኢትዮጵያውያን ጎልማሶች የደም መለኪያ አዘጋጅቷል።

ግኝቱ ለሕክምና አሰጣጥ ከፍተኛ ጠቀሜታ ነበረው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት በጀመረበት ወቅት ሕክምናውን ማን እንደሚጀምር ለመወሰን ከሚያገለግሉት መመዘኛዎች አንዱ የሲዲ ፎር ሕዋስ ቁጥር ነበር። የኢትዮጵያውያን መደበኛ መጠን ዝቅ ያለ መሆኑ ካልታወቀ ጤናማው ሰው እንደ ታማሚ ሊቆጠር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የሲዲ ፎር ቁጥር ሳይጠበቅ ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁሉ ሕክምና እንዲጀምር መክሯል። የሕክምናው ውጤትም በዋናነት በደም ውስጥ ያለውን የቫይረሱን አር ኤን ኤ በመለካት ይታወቃል።

ዶክተር ፀሐይነሽ በኋላ ኢንስቲትዩቱን በዋና ዳይሬክተርነት፣ ቀጥሎም የአፍሪካ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበርን በዋና ሥራ አስፈፃሚነት መርተዋል። ጥናቶቹ ያስገኙት ትምህርት ይህ ነው፦ «መደበኛ» የሚባለው መጠን አስቀድሞ በአገሩ ሕዝብ ላይ ሊለካ ይገባል።