የዕድሜ ምስክር፦ በአየርላንድ የአረጋውያን ምርምር ታሪክ ላይ አጭር አስተያየት

ስለ ሽማግሌዎችና ስለ ባልቴቶች ጤንነት የሚመረምር ሰው ሁሉ ከማናቸውም ነገር አስቀድሞ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኛ ግን ይህንኑ ለአያቶቻችን ባቀረብን ጊዜ ያገኘነው መልስ ቁጥር አልነበረም፤ «ጣሊያን ሲወጣ የጡት ልጅ ነበርሁ»፣ ወይም «በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ፊደል ቆጥሬ ነበር» የሚል ነው። የተወለዱበትን ዕለት በታቦቱ ስም አሳምረው ይነግሩናል፤ ዓመቱ ግን ከወዴት ይምጣ? ችግሩ የኛ ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት የአየርላንድን ታሪክ መርጠናል። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አየርላንድ በብሪታንያ መንግሥት ሥር ሳለች፣ በ1908 የእርጅና ጡረታ ሕግ ወጣ። 70 ዓመት የሞላውና ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው በየሳምንቱ እስከ 5 ሽልንግ ይከፈለው ዘንድ ተፈቀደ፤ ክፍያውም ጃንዩዌሪ 1 ቀን 1909 ተጀመረ። ለድኻ ገበሬ ይህ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። ነገር ግን 70 መሙላቱን በምን ያስረዳ? በአየርላንድ የሁሉም ሰው ልደት በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የጀመረው በ1864 ነው። በ1909 70 ዓመት የሞላው ሰው መዝገቡ ሲከፈት የ25 ዓመት ጎልማሳ ነበር። በመጀመሪያው ገጽ የተጻፈው ሕፃን 70 የሚሞላው በ1934 ስለ ሆነ፣ እስከዚያ ድረስ የጡረታ ሹማምንት የልደት ወረቀት የሌላቸውን ሰዎች ዕድሜ ሲመረምሩ ኖረዋል።

በዚህ ጊዜ ለድኾቹ የደረሰላቸው ነፋስ ነው። ጃንዩዌሪ 6 ቀን 1839 ሌሊት ከባድ ዐውሎ ነፋስ አገሩን መትቶ ብዙ ቤት አፍርሶ ነበር፤ ሕዝቡም «የታላቁ ነፋስ ሌሊት» ይለዋል። ያን ሌሊት አስታውሳለሁ ያለ ሰው 70 ማለፉ የማይቀር ነው። የመጀመሪያው ክፍያና የነፋሱ 70ኛ ዓመት በአንድ ሳምንት ውስጥ መዋላቸውም ያስገርማል። ስለዚህ ነፋሱን የሚያስታውሰው ሰው በዛ፤ ከነፋሱ በኋላ የተወለዱትም ጭምር አስታወሱት። የ1901ና የ1911 የሕዝብ ቆጠራዎችን ያስተያየ ሰው፣ በ10 ዓመት ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ያረጁ ብዙ ሰዎችን ያገኛል። ሁሉንም ውሸታሞች ማለት ግን አይገባም። ዕድሜያቸውን ቆጥረው የማያውቁ ብዙዎች ነበሩና፣ ቀድሞ የተጻፈውም ቁጥር ቢሆን ግምት ሊሆን ይችላል።

መንግሥትም በበኩሉ የ1841ና የ1851 የቆጠራ መዛግብትን እያስገለጠ የአመልካቹን ስም በወላጆቹ ቤት ያስፈልግ ነበር። በ1922 በእርስ በርሱ ጦርነት በደብሊን የነበረው የመዛግብት ቤት ሲቃጠል እነዚያ መዛግብት ከጥቂቶቹ በቀር ጠፉ። ስለ ጡረታው የተሞሉት የፍለጋ ቅጾች ግን ተረፉ። ከመዝገቡ ስለ ጠፋ ቤተ ሰብ ዛሬ የምናውቀው ነገር ካለ፣ አንዳንድ ጊዜ ምንጩ 5 ሽልንግ ፈልጎ ያመለከተ አንድ ድኻ ሽማግሌ ነው።

ከመጀመሪያው ክፍያ 100 ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ መሪነት 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ከ8 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች የሚከታተል ምርምር ተጀመረ። መርማሪዎቹ በየ2 ዓመቱ ገደማ እየተመለሱ ስለ ኑሯቸው ይጠይቃሉ፤ የእርምጃቸው ፍጥነት፣ የእጃቸው የመጨበጥ ኃይል፣ የደም ግፊታቸውና የማስታወስ ችሎታቸውም ይለካል። የሚፈለገው፣ ከሁለት እኩዮች አንዱ ሲደክም ሌላው የሚበረታበት ምክንያት ነው። ለዚህም አስቀድሞ እኩያነታቸው መታወቅ አለበት፤ የ78 ዓመት ሰው 90 ነኝ ቢል እርምጃው ተአምር ይመስላልና። በኢኳዶር ቪልካባምባ በሚባል ሸለቆ የሆነው ይኸው ነው። በ1970ዎቹ፣ 100 ዓመት ያለፉ ብርቱ ሰዎች ሞልተውበታል እየተባለ ስለ ምግቡና ስለ አየሩ ብዙ ተጻፈ፤ በ1979 ግን ማዜስና ፎርማን የተባሉ ሊቃውንት መዛግብቱን መርምረው ዕድሜው የተጋነነ መሆኑን ገለጡ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የልደት ምዝገባ በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 760 ተደንግጎ በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀመረ። በዚያ ዓመት ተወልዶ የተመዘገበ ሕፃን 60 ዓመት የሚሞላው በ2068 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ የኛ መርማሪ የአየርላንዱ የጡረታ ሹም በቆመበት ቦታ ቆሟል። በቆጠራዎቻችን ዕድሜ በ0ና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ መከማቸቱ የዚሁ ምልክት ነው። ደግሞም የአየርላንዱ ሰው ለሽልንግ ሲጨምር፣ የኛ ሽማግሌ ለክብር ሊጨምር፣ ደመወዝተኛው ደግሞ ጡረታ እንዳይደርስበት ሊቀንስ ይችላል።

ስለዚህ እኛ የምንመርጠው ቁጥር አስገድዶ ከማናገር ይልቅ፣ ክስተቱን ጠይቆ ዓመቱን በኋላ ማስላትን ነው፤ ያውም አንድ ሳይሆን ሦስት አራት ክስተት። ዝርዝሩም በየአውራጃው ይለያያል፤ በአንዱ ቆላ የማይረሳው የአንበጣ ዓመት በሌላው ደጋ አይታወቅም። ሴቶችን ደግሞ ስለ ጦርነቱ ከመጠየቅ በፊት ያን ጊዜ የትኛውን ልጅ አዝለው እንደ ነበር መጠየቅ ይሻላል።